ጉልበት ከተተካ በኋላ፦ ሶብር ማለት ተቀምጦ መጠበቅ አይደለም

በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሲሆን ሁለተኛው አቅምና ኃይል ነው። ጉልበቱን የታመመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣ ይመስለዋል። ከወንበር ለመነሳት ልጁን ይጠራል፤ መስጊድ ለመሄድ ደጋፊ ይጠብቃል፤ ሱጁድ ከወረደ በኋላ ለመነሳት ግድግዳ ይፈልጋል። ስለዚህም ሐኪሙ «ጉልበትዎ ይተካል» ሲል የቤተሰቡ ሁሉ ተስፋ ይለመልማል። ገንዘብ ይዋጣል፤ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ይኬዳል፤ አቅም ያለውም እስከ ሕንድ፣ ታይላንድና ቱርክ ድረስ ይጓዛል። ቀዶ ሕክምናውም በአላህ ፈቃድ በሰላም ይጠናቀቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ወር ያልፋል፤ ሁለተኛው ይከተላል። ጉልበቱ ግን አሁንም ያበጠ ነው፤ ይሞቃል፤ ሌሊት አያስተኛም። «በከንቱ ተቀደድኩ፤ ገንዘባችሁንም አስጨረስኩ» የሚል ቃል ከእናት አፍ ይወጣል። ልጆችም የሚመልሱት ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፋችን የምንነጋገረው ስለዚህች አስቸጋሪ ወቅት ነው። ልናስተላልፈው የፈለግነው መልእክትም አንድ ነው፦ መዘግየት መክሸፍ አይደለም፤ ነገር ግን የመጠበቂያውን ጊዜ በሥራ ያልሞላ ሰው ያገኘውን ጉልበት መልሶ ሊያጣው ይችላል።

የሚተካው ምንድን ነው?

«ጉልበት ተተካ» ሲባል ብዙ ሰው መገጣጠሚያው በሙሉ ተቆርጦ የወጣ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በዕድሜ፣ በሪህ ወይም በቀድሞ ጉዳት ምክንያት ያለቀው የአጥንቱ ጫፍ ብቻ በስሱ ይነሳና በቦታው ከብረት የተሠራ ሽፋን ይደረጋል። ብረቱ በአብዛኛው የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ወይም ታይታኒየም ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ደግሞ እንዳይፋተጉ ጠንካራ ፕላስቲክ ይቀመጣል። ጅማቱም፣ ጡንቻውም፣ ቆዳውም የበሽተኛው የራሱ ነው።

የመዘግየቱ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብረቱና ፕላስቲኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሥራ ዝግጁ ናቸው። ማገገም ያለባቸው የተቆረጠው ሥጋ፣ የተሳበው ጅማትና የደከመው ጡንቻ ናቸው። የጭን ጡንቻ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ከግማሽ በላይ ኃይሉን እንደሚያጣ ጥናቶች አሳይተዋል። ለዓመታት በሕመም ምክንያት ሲያነክስ የኖረ ሰው ከሆነማ ጡንቻው ቀድሞውንም የሟሸሸ ነው። ይህን በአንድ ወር መልሶ መገንባት አይቻልም።

ሕክምናው ራሱም ቢሆን በትዕግሥት የመጣ ነው። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ለመትከል ሞክሮ ነበር፤ ኢንፌክሽን ግን አበላሸበት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለሚተከሉት ጉልበቶች መሠረት የሆነው ዓይነት በኒው ዮርክ በጆን ኢንሳልና ባልደረቦቹ ተሠርቶ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደገመተው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከተተኩ 100 ጉልበቶች ውስጥ 82 ያህሉ 25 ዓመት ያገለግላሉ። ለ25 ዓመት አገልግሎት አንድ ዓመት መታገስ ብዙ ነውን?

ጊዜው ምን ያህል ነው?

በሽተኛው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ተደግፎ እንዲቆምና እንዲራመድ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በክራንች ወይም በመደገፊያ ይንቀሳቀሳል። በ6 ሳምንት አካባቢ ብዙዎች የቤት ውስጥ ጉዳያቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። በ3 ወር አብዛኛው ሕመም ይቀንሳል። እብጠቱና ሙቀቱ ግን እየቀነሰም ቢሆን እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። የጡንቻ ኃይልም እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ እየጨመረ ይሄዳል።

ቤተሰብን የሚያስደነግጡ፣ ግን ብዙ ጊዜ የማገገሙ አካል የሆኑ ነገሮችም አሉ። ከጠባሳው ወደ ውጭ ባለው ጎን ቆዳው ይደነዝዛል፤ ይህ የሚሆነው ትንንሽ የቆዳ ነርቮች ስለሚቆረጡ ነው። ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ብረቱና ፕላስቲኩ ሲነካኩ ነው። ማታ ማታ ሕመሙ ይብሳል፤ እንቅልፍም ለሳምንታት ይረበሻል። አንድ ቀን ደህና ውሎ በማግስቱ ማበጥም የተለመደ ነው። ስለዚህ ማገገምን በቀን መመዘን ያሳስታል፤ በወር መመዘን ይሻላል።

ጠያቂና ጎረቤት

የታመመን መጠየቅ በእስልምና ትልቅ ቦታ ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን ጠያቂ ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል። አንዱ መጥቶ «የእከሌ እናት እኮ በወሯ ገበያ ወጣች» ሲል በሽተኛዋ ሌሊቱን ስታስብ ታድራለች። የሁለት ሰው ጉልበት ግን አንድ አይደለም። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ስኳር በሽታ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉልበቱ ምን ያህል ይታጠፍ እንደነበር፣ ይህ ሁሉ ልዩነት ያመጣል።

ሌላው ደግሞ ከፍቅሩ ብዛት «ኧረ እንዳይነሱ! እኛ እያለን!» ይላል። ውኃውን፣ ሻዩን፣ ምግቡን አልጋ ድረስ ያመጣል። ልጆች እናታቸውን መኻደማቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ለዚህ በሽተኛ ትልቁ ኺድማ እንዳይወድቅ አጠገቡ ሆኖ ራሱ እንዲነሳ መርዳት ነው። ሻዩን ከማምጣት ይልቅ «እማዬ፣ ይነሱና ሳሎን አብረን እንጠጣ» ማለት የተሻለ ውለታ ነው።

የየቀኑ ሥራ

ሶብር ስንል ብዙዎቻችን ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስለናል። የአላህ ነቢይ አዩብ (ዐ.ሰ.) በሕመም ታግሰው ከኖሩ በኋላ የመዳኛቸው ሰዓት ሲደርስ እግራቸውን መሬት እንዲመቱ መታዘዛቸውን ቁርኣን ይነግረናል። መዳኑ ከአላህ ነው፤ እግር ማንሳቱ ግን ለባሪያው የተተወ ሥራ ነበር። የተተካ ጉልበትም እንዲሁ ነው።

ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚያዝዟቸው እንቅስቃሴዎች ቀላልና ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ተኝቶ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። እግርን ዘርግቶ የጉልበትን ጀርባ ወደ ፍራሹ መጫንና ለጥቂት ሰከንድ መያዝ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። ተረከዝን በፍራሹ ላይ እያንሸራተቱ ወደ መቀመጫ መሳብ መታጠፍን ያለማምዳል። በመጨረሻም ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳትና ቀስ ብሎ መመለስ አለ። እነዚህን በአንድ ጊዜ 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ መሥራት ብዙ ሐኪሞች የሚመክሩት ልክ ነው። የታዘዘውን የሕመም ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መዋጥ ሥራውን ያቀልላል። ከጨረሱ በኋላ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ጉልበት ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል፤ በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።

አንድ ትልቅ ስህተት ግን በብዙ ቤት ይታያል። ሕመሙ እንዲቀልላቸው ተብሎ ትራስ ከጉልበታቸው ሥር ይደረጋል። ይህ ለጊዜው ያስደስታል፤ ሲውል ሲያድር ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ እንዲቀር ያደርጋል። ትራሱ የሚገባው ከተረከዝ ሥር ነው፤ ያኔ ጉልበቱ ይዘረጋል። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ዕድሜ ልክ ያስነክሳል። በዚሁ ምክንያት ጫት ይዞ እግርን አጣጥፎ ለሰዓታት መቀመጥም ለዚህ በሽተኛ እጥፍ ጉዳት ነው።

በጉዱማሌ ቤትና መንገድ

አሁን ደግሞ ምክሩን ወደ ሰፈር እናምጣው። በሐዋሳ ጉዱማሌ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ጉልበቷን አስተክላ ከአዲስ አበባ ተመለሰች እንበል። መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ለረጅም ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ የደም መርጋትን ስለሚያመጣ በየሰዓቱ መኪናው ቆሞ ጥቂት መራመድ ይገባታል። ቤት ስትደርስ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ቤታችን የተሠራው ጉልበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ነውና።

የመጀመሪያው መጸዳጃ ቤት ነው። ቁጢጥ ብሎ መጠቀም ለአዲስ ጉልበት የማይቻል ነው። መቀመጫው የተበሳ ጠንካራ የእንጨት ወንበር አናጺ በትንሽ ዋጋ ይሠራል፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ቢታከልበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ሁለተኛው የቡና ሥነ ሥርዓት ነው። ዱካ ላይ መቀመጥ ቀርቶ ከፍ ያለ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይዘጋጅ። ሦስተኛው ወለሉ ነው። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ፤ እርጥብ ወለል ይወልወል። አራተኛው ባጃጅ ነው። ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ እግርን ማስገባት እንጂ በታመመው እግር ረግጦ መውጣት አይገባም።

ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታከመው እግር ይቀድማል። ከዘራ የሚያዘው ከታከመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው ከዘራውን በታመመው በኩል ይይዛል፤ ይህ ግን ጉልበቱን አያሳርፍም።

አላህ ለሐዋሳ ሰው ሜዳ ሰጥቶታል። በጉዱማሌ በኩል ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ዳገት የለበትም። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አስከትሎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ጎረቤት በር፣ በሚቀጥለው እስከ መንገዱ መታጠፊያ፣ ከዚያም እስከ ሐይቁ ዳር መድረስ ከማንኛውም መድኃኒት የማይተናነስ ሕክምና ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጭቃው ያንሸራትታልና መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል። ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ የሚከበርበት አደባባይ እንደመሆኑ፣ በዓሉ ሲደርስ ሰው ስለሚበዛ ለጥቂት ቀናት በሌላ በኩል መሄድ ይመረጣል። ለቁስል መዳን ገንቢ ምግብም ያስፈልጋል፤ ሐይቁ የሚሰጠው ቆሮሶ፣ እንቁላል፣ ምስርና ባቄላ ለዚህ የሚሆኑ ናቸው።

ወደ ወጌሻ መሄድስ?

ይህን ጥያቄ ሸፍነን ማለፍ አንችልም። ማገገሙ ሲዘገይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ምክር «አንዴ ወጌሻ ያየው፤ በደንብ ያሸው» የሚል ነው። ወጌሻዎቻችን ለብዙ ዘመን ሕዝቡን ያገለገሉ ናቸው። ነገር ግን በውስጡ ብረት ያለበትን ጉልበት አንድ ሰው በኃይል ቢያጥፈው በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ሊሰበር፣ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ያልዳነ ቁስል ላይ የሚደረግ ቅባትና እሸት ደግሞ ኢንፌክሽን ያስገባል። ኢንፌክሽን ብረቱ ድረስ ከደረሰ ዳግም ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም የተተከለውን አውጥቶ እንደገና መትከል ይጠይቃል።

ጉልበቱ በእርግጥ አልታጠፍ ካለ ግን መፍትሔው ያለው ሐኪሙ ዘንድ ነው። በ6 ሳምንት አካባቢ 90 ዲግሪ፣ ማለትም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ያህል ካልታጠፈ ቀዶ ሕክምና ላደረገው ሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ በሽተኛውን በማደንዘዣ አስተኝቶ ጉልበቱን በጥንቃቄ የሚያጥፍበት መንገድ አለ። ይህ የሚሳካው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ሲደረግ ነው። ስለዚህ «ቀስ እያለ ይለቃል» ብሎ ግማሽ ዓመት መጠበቅ ሶብር ሳይሆን ዕድልን ማሳለፍ ነው።

የሶላት ነገር

የብዙ አባቶችና እናቶች ትልቁ ሐዘን ሕመሙ ሳይሆን ሶላታቸው ነው። «ወንበር ላይ እየሰገድኩ ሶላቴ ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ። ይህን ሐዘን በእውቀት እንመልሰው።

በሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት ወደ 70 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃዋል፤ ለደረጃ ከ90 እስከ 100 ያስፈልገዋል። የተተካ ጉልበት በመልካም ሁኔታ ሲያገግም አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 125 ይደርሳል። ለተሸሁድ በእግር ላይ መቀመጥ ግን ከ140 በላይ ይጠይቃል። እንግዲህ ከዓመት በኋላም በተሸሁድ መቀመጥ ያልቻለ ሰው ሕክምናው አልከሸፈበትም፤ ጉልበቱ የተሠራበት ልክ ነው። መንበርከክን በተመለከተ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ብዙ ሐኪሞች በወፍራም ምንጣፍ ላይ ቀስ ብሎ መሞከርን ይፈቅዳሉ። ስሜቱ የደነዘዘና እንግዳ ነው፤ በጥንቃቄ ከተደረገ ግን ብረቱን አይሰብርም። በቀጠሮ ቀን «ለሱጁድ መንበርከክ እችላለሁ ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዲናችን ደግሞ ለዚህ ሰው በሩን ዘግቶ አያውቅም። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታመው ስለ ሶላታቸው በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንደመሯቸው ቡኻሪ ዘግበውታል። የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለትም በሐዲሥ ተነግሯል። ስለዚህ መቆም የሚችል ቆሞ ይጀምር፤ ሩኩዕና ሱጁድ ሲያቅተው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ለሱጁዱ ከሩኩዑ የበለጠ ዝቅ ይበል። ወንበሩ የማይንሸራተት፣ ጎማ የሌለው ይሁን። ወጣቶችም በጀመዓ ውስጥ ለአባቶች ወንበር አዘጋጁ፤ ወንበሩ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳያሳፍራቸው አድርጉ።

ውዱእን በተመለከተ ደግሞ ጉልበት በውዱእ ከሚታጠቡ አካላት አይደለምና ፋሻው አያግድም። የሚያስቸግረው ጎንበስ ብሎ እግርን መድረስ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጅ ውኃ ቢያፈስለትና እግሩን ቢያጥብለት ሁለቱም ይመነዳሉ። ፋሻው የሚያሳስበው በገላ ትጥበት ጊዜ ነው፤ ቁስሉ እስኪዘጋ ውኃ እንዳይነካው ሐኪም ካዘዘ፣ ስለ አፈጻጸሙ ዓሊም መጠየቅ ይገባል።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ አስቀድሞ መነጋገር መልካም ነው። አንደኛው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መርፌ ነው። ኢኖክሳፓሪን የተባለው የታወቀ መርፌ የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው። ሌላ ምትክ በሌለበት ችግር ጊዜ ቁርኣን እፎይታ እንደሰጠ የታወቀ ነው፤ ይሁንና ለአንዳንድ በሽተኞች ምትክ የሚሆኑ እንክብሎች ስላሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙንና ዓሊሙን መጠየቅ ይቻላል። መርፌውን ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። ሁለተኛው የረመዷን ጾም ነው። መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ በሽተኛ ጾሙን በሌላ ጊዜ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል፤ አላህ ለባሮቹ ገርን እንጂ ችግርን አይሻም።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስሄዱ ምልክቶች

ትዕግሥት ቦታ የሌለውም ጊዜ አለ። ባት ላይ አዲስ እብጠትና ሕመም ከመጣ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ከቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል ከወጣ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን መቆጣጠሩ ከኢንፌክሽን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ነው። ከወደቁ በኋላ እግር መርገጥ ካቃተም እንዲሁ ነገ ሳይባል መታየት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ጉልበት መተካት የትልልቅ ሰዎችም ዕጣ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ አንዱን ጉልበታቸውን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000፣ ሌላውን በሰኔ 2001 ሙምባይ ውስጥ አስተክለዋል። ሥልጣን ማገገሙን አላሳጠረላቸውም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ከአልጋ ተነስተው መራመድን መለማመድ ነበረባቸው። ይህን ሕክምና ካደረጉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ከዓመት በኋላም የተወሰነ ሕመም እንደሚቀርባቸው ደብቀን ማለፍ አንፈልግም። ለእነርሱም በሩ አልተዘጋም፤ ምክንያቱን ሐኪም ሊመረምር ይገባል፤ የሚቀረውንም ይዞ በክብር መኖር ይቻላል።

ልጆች ሆይ! አንድ ደብተር ያዙ። በየሳምንቱ አርብ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ስንት እርምጃ እንደሄዱ፣ ከወንበር ያለ እጅ መነሳት መቻል አለመቻላቸውን፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ ጻፉ። «ምንም ለውጥ የለኝም» ባሉ ቀን የዛሬ ሁለት ወር የተጻፈውን አንብቡላቸው። ዓይን የረሳውን ደብተር ያስታውሳል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ሺፋን ይስጥ፤ የሚያስታምሙትንም አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።